ያጠፈና ያጠፋ

ሰኔ ነው በቶያማ፤ ዝናብ ከባሕር ወጥቶ
ግድግዳው አልቦታል ውኃውን ጠጥቶ።
«ወረቀቴን አደራ» አለችኝ ፉሳኮ፣
«እርጥበት ከነካው አይታጠፍም እኮ!»
ጣቷን እያሻሸች፣ ያን የማይታዘዝ ጣት፣
ካምና ጀምሮ ቁርጥማት ያሰረባት።

እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የባቡር ጣቢያ ሰው፣
ሰዓት ሲዛነፍ እንቅልፍ የሚነሳው፣
«ምን ያቅተኛል» አልሁ፣ «ወረቀት መደርደር?
ባቡር ያልሳተኝን ወረቀት ሊያስቸግር?»

ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከስፌት መኪናው ኪስ፣
ወረቀት ይወጣል፣ ስስ በስስ፣ ስስ በስስ።
በብስኩት ቆርቆሮ፣ በጫማ ካርቶን፣ በሻይ ጣሳ፣
አንዱን ከፈትሁ ስል ሌላው እየተነሳ።
ባለ አሥራ አምስት ሴንቲ፣ ባለ ሰባት ተኩል፣
ጀርባው ነጭ፣ ፊቱ ቀይ፤ ፊትና ጀርባው እኩል፤
ወርቅ ቅብም አለ፣ ጣት ሲነካው ዐሻራ የሚቀር በላዩ፣
በእጅ የተሠራም፣ ቃጫዎቹ የሚታዩ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
ስድስት መሳቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን ገዛሁ፣
ካሮጌ ካላንደር መክፈያ ቆረጥሁ፣
ከባሕር ቅጠሉ እሽግ ውስጥ ያለችውን ከረጢት፣
«አትብሉኝ» ተብሎ የተጻፈባትን፣ እርጥበት ጠጪዋን፣
በየመሳቢያው ጥግ አንዳንዷን ጣልሁ።
ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ፣
ቀዩን ከቀይ ጋር፣ ሰማያዊን ከሰማይ፣
ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ እንደ ጧቱ ባቡር፣
ሳይቀድም ሳይዘገይ ከተባለው ድንበር።
ብል እንዳይበላው ካፉር፣ ፀሐይ እንዳያነጣው መጋረጃ።
ሲያልቅ ቆሜ አየሁት እጄን አጣጥፌ፣
እንደ ጣቢያ ሹም፣ በኩራት አርፌ።

ፉሳኮ ተነሣች ክንዴን ተደግፋ።
አንዱን መሳቢያ ሳበች፣ ዘጋች።
ሌላውን ሳበች። ቆየች። ዘጋች።
«ያምራል» አለች።
(አርባ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፣
«ያምራል» ስትል መቼ እንዳላማራት አውቃለሁ።)
«ግን የኖቡሂኮ የት ጋ ነው?»

«የምን ኖቡሂኮ?»
«የብስኩት ቆርቆሮው ነዋ!
በስድስት ዓመቱ ሆስፒታል ሲተኛ
አምስት ጥንቸል ብዬው ሦስት አድርሻለሁ፤
ሁለት ግራጫ ወረቀት ለሱ ነበር የተውሁ።
የጫማ ካርቶኑ የወይዘሮ ኢሶቤ፣ ለልጇ ሰርግ።
የሻይ ጣሳው ደግሞ . . . ያኮረፍሁህ ለት
ጀምሬ የጣልሁት፣ ያንተ ነው፣ ተወው በቃ።»

ቀለም ለይቻለሁ፣ ልክ ለይቻለሁ፤
እሷ ሰው ነበር የለየችው።
ዕድሜዋን ሙሉ ወረቀት እንጂ ቃል አላጠፈችም፤
እኔ አንዲት ሳላጥፍ፣ ስንቱን አጠፋሁት!

ማታ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ፣
ከመብራቱ ሥር ተቀመጥን ፊት ለፊት።
አንዱን አንሥታ ታሸታለች፦ «ሻይ ሻይ ይላል፣ ያንተ ነው።»
ሌላውን ታገላብጣለች፦ «ጠርዙ ነጥቷል፣
ከመስኮቱ ሥር የነበረ፣ የኢሶቤ።»
እኔም በእርሳስ፣ በጣቢያው የሻንጣ ምልክት ላይ፣
ስም እጽፋለሁ፤ መድረሻውን እንደማውቅ ሁሉ።
ግማሹን አላወቀችውም።
ስድስተኛው መሳቢያ ያለ ስም ቀረ።

ከዚያ አንድ ግራጫ ፊቴ አኖረችና፣
«እጠፍ» አለች።
«ኖቡሂኮ እኮ አሁን ጢሙን ይላጫል፣
ኦሳካ ነው፣ አግብቷል» አልኋት።
«እና?» አለችኝ።

አጠፍሁ። በቃሏ እየመራችኝ፣
«ከዚህ፣ አይ፣ ከዚያ፣ በጥፍርህ ተጫነው።»
አንደኛዋ ጥንቸል ጫማ መሰለች፣
ሁለተኛዋ አንድ ጆሮዋ አጠረ።
ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር ሳቋን ካየሁት።

በፖስታ አሸግናቸው፤ ገና እየዘነበ ነው።
ልዘጋው ስል ትዝ አለኝና
ከመሳቢያው ጥግ ያችን «አትብሉኝ» ከረጢት አወጣሁ፣
ከጥንቸሎቹ አጠገብ ጨመርሁ።